ጸበል ልገባ ነው፤ ክኒኑን ልተወው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ የምጽፍልዎ ከጅማ መርካቶ ሰፈር ነው። ታናሽ ወንድሜ ኤችአይቪ በደሙ አለ። መድኃኒቱን ለዓመታት ሳያቋርጥ ወስዷል። አሁን ጸበል ሊገባ ነው፤ አብረውት የሚሄዱት ግን «ክኒን ይዘህ ከመጣህ እምነትህ ጎዶሎ ነው» አሉት። ምን ልበለው?

መልስ፦ እህቴ፣ ክኒኑን ይዞ ይሂድ። ይህ የእኔ ብቻ ሐሳብ አይደለም። አቡነ ጳውሎስ በፓትርያርክነታቸው ዘመን፣ በ1999 ዓ.ም.፣ ጸበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታ መሆናቸውን በግልጽ ተናግረዋል።

ሕዝቅያስን አስቢ። እግዚአብሔር በዕድሜው ላይ 15 ዓመት እንደጨመረለት በነቢዩ ነግሮታል። ኢሳይያስ ግን የበለስ ጥፍጥፍ እባጩ ላይ እንዲለጠፍ አዘዘ (ኢሳ. 38፥21)። ንጉሡን በለስ ለጠፍክ ብሎ የወቀሰው የለም።

ክኒኑ ሲቋረጥ ቫይረሱ መልሶ ይራባል። ደጋግሞ ሲቋረጥ ደግሞ መድኃኒቱን ይለምደዋል፤ ያኔ ሌላ ዓይነት መድኃኒት መፈለግ ይመጣል። «ምርመራው ላይ አልታየም፣ ድኛለሁ» ብለው የሚያቆሙም አሉ። አልታየም ማለት መድኃኒቱ እየሠራ ነው ማለት ነው እንጂ ጠፋ ማለት አይደለም።

ጾሙም አይከለክልም። አሁን ብዙው ሰው የሚወስደው በቀን አንዴ ነው፣ ያለ ምግብም ይዋጣል። በቁርባን ቀን ሰዓቱ ካስቸገረው ለንስሐ አባቱና ለሐኪሙ አስቀድሞ ይንገር፤ ሰዓት ይመቻቻል፣ ቀን ግን አይዘለልም። በጸበሉ የሚውጡትም አሉ፤ እሰየው!

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ጸበል ቦታ ብዙ ሰው አንድ ክፍል ያድራል። ስንቱ የብልቃጡን ጽሑፍ ልጦ ይጥላል፣ ክኒኑ እንዳይንኳኳ ጥጥ ይጠቀጥቅበታል። እዚሁ ጅማ ሆስፒታል እያለ፣ ሰው እንዳያየው ብሎ አጋሮ ድረስ የሚሄድም አይጠፋም። ብዙ ጊዜ ክኒኑን የሚያስጥለው ይሉኝታ ነው፤ የእምነት ስም ይሰጠዋል እንጂ።

ስለዚህ አንቺ አግዢው። ሱባኤው ከሆስፒታል ቀጠሮው የሚያልፍ ከሆነ፣ ሳይሄድ የሚበቃውን ያህል እንዲሰጡት ይጠይቅ። ማታ ሰዓቱ ሲደርስ ደውይለት። ስለ ክኒን አታንሺ፤ «እራት በላህ?» ካልሽው ይገባዋል። «ጣለው» የሚል አጥማቂ ከገጠመው ደግሞ አይከራከር፣ ቀጥ ብሎ ለደብሩ አስተዳዳሪ ይንገር።