ያዋስኩትን መጽሐፍ ስጠይቅ ለምን አፍራለሁ?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ? የ31 ዓመት ሴት ነኝ፤ ሐዋሳ ውስጥ በሒሳብ ሠራተኛነት እሠራለሁ። መጽሐፍ ሳልገዛ ያለፈ ወር የለም፤ ዋጋውን ግን ለእናቴ ቀንሼ ነው የምነግራት። ገና እንደገዛሁት ገልጬ አሸተዋለሁ። ልብ ወለድ ከሆነ መጨረሻውን ገጽ አስቀድሜ አነባለሁ፤ ጓደኞቼ በዚህ ይስቁብኛል። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሳነብ ደግሞ የምሰማው ወጋየሁ ንጋቱን እንጂ የራሴን ድምፅ አይደለም። ይሄ ሁሉ ይሁን። የቸገረኝ ሌላ ነው። ያንኑ መጽሐፍ፣ አባቴ ስሙንና የገዛበትን ቀን የጻፈበትን ቅጂ፣ ለሥራ ባልደረባዬ አዋስኩት። ስምንት ወር አለፈ። አባቴ ዛሬ በሕይወት የለም። ባልደረባዬ በየቀኑ ፊት ለፊቴ ቁጭ ብሎ ማኪያቶውን ይጠጣል፤ ስለ መጽሐፉ ግን ትንፍሽ አይልም። «ለአንድ መጽሐፍ ብለሽ!» እንዳይለኝ ፈራሁ። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ ከቀላሉ ልጀምር። የወጋየሁን ድምፅ መስማት ጤንነት ነው። መጽሐፉ የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው። ወጋየሁ በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» ላይ ሲተርከው ግን ፊደል ያልቆጠረውም ሰው ከሰብለ ወንጌል ጋር አለቀሰ። እኔም እስከ ዛሬ ጉዱ ካሣን በሌላ ድምፅ ማሰብ አልቻልኩም፤ ሞክሬ ነበር።

ዋጋ መቀነሱን እዚህ ላይ አንነካካው። ባለቤቴ ይህን ዓምድ ታነባለች።

መጨረሻውን ማስቀደምሽን ግን ከማንም በላይ እኔ እረዳሻለሁ። ልጅ ሆኜ ደሴ ውስጥ መጽሐፍ እከራይ ነበር። ለአንድ ሌሊት 25 ሳንቲም ነው፣ መያዣ ደግሞ መታወቂያ። ለሁለተኛ ቀን ላለመክፈል ሌሊቱን መጨረስ አለብኝ። እናቴ «ቆጣሪው እየሮጠ ነው፣ አጥፋው!» ስትል ብርድ ልብስ ውስጥ ገብቼ በባትሪ እቀጥላለሁ። አንድ ሌሊት የወንጀል ልብ ወለድ ይዤ መርማሪው የገዳዩን በር ከፈተ። ገጹን ስገልጥ የጀርባ ሽፋኑ መጣ። የመጨረሻዎቹ ቅጠሎች ተገንጥለው የሉም!

ጠዋት አከራዩን ብጠይቀው «ሁሉም እንደዚያው ነው ያነበበው» አለኝ። ከኔ በፊት የተከራዩትን ሦስት ልጆች አሰስኩ። አንዱ ገዳዩ ሐኪሙ ነው አለ። ሁለተኛው የሟች ወንድም ነው ብሎ ማለ። ሦስተኛው መርማሪው ራሱ ነው አለኝ፤ እሱን አመንኩት። ከዓመታት በኋላ ለገሃር አካባቢ፣ መሬት ላይ ከተዘረጉ አሮጌ መጻሕፍት መሃል፣ ሙሉውን ቅጂ አገኘሁ። ቆሜ መጨረሻውን አነበብኩ። ገዳዩ ዘበኛው ነበር። ተናደድኩ። የሰፈሬ ልጅ ከደራሲው በልጦ ነበር። ከዚያ ወዲህ የመጨረሻው ቅጠል መኖሩን ሳላይ መጽሐፍ አልገዛም፤ ካየሁ ደግሞ ዓይኔ አይታዘዘኝም።

ወደ ባልደረባሽ እንምጣ። እኔ እንደምጠረጥረው አላነበበውም። ትልቅ መጽሐፍ ነው፤ ሃያ ገጽ ሄዶ አንድ ቦታ አስቀምጦታል፤ አሁን «የት ደረስክ?» እንዳትይው እሱም ይፈራሻል። ሁለት የተፋፈሩ ሰዎች ማኪያቶ እየጠጣችሁ ነው።

በቴሌግራም አትጠይቂው። «እሺ» ይልሻል፤ እሺ ደግሞ ማብቂያ የለውም። በአካል፣ ሌላ ሰው በሌለበት፣ እንዲህ በይው፦ «ያ መጽሐፍ የአባቴ እጅ ጽሑፍ ያለበት ነው፤ ሐሙስ ይዘህልኝ ና።» ቀኑን ጥሪ። «ገና አልጨረስኩም» ካለሽ፣ መጽሐፉ በየጊዜው ስለሚታተም ሌላ ቅጂ ገዝተሽ አቀብይውና የአባትሽን ውሰጂ። ለእናትሽ ዋጋውን እንደ ልማድሽ ትነግሪያታለሽ። ከእንግዲህ የአባትሽ ቅጂ ከቤት አይውጣ። የምታውሺውን ደግሞ ደብተር ላይ ጻፊ፦ ርዕሱን፣ ወሳጁን፣ ቀኑን። እኔ ይህን የጀመርኩት ዘግይቼ፣ አሥራ አንድ መጽሐፍ ከጠፋብኝ በኋላ ነው።

እዚህ ላይ ብዘጋው ደስ ባለኝ። ግን መደርደሪያዬ ሁለተኛው ረድፍ ላይ በ1986 ዓ.ም. የተዋስኩት መጽሐፍ አለ። ወዳጄ፣ ይህን ካነበብክ፣ መጽሐፍህ ደህና ነው። የካላንደር ወረቀት አልብሼዋለሁ፤ ቅጠሎቹም አልጎደሉም። ትንሽ ነው የቀረኝ።