ከልጆቼ ጋር በጀልባ ዓሣ ላጠምድ ነው፤ ለማስመለሱ ምን ልስጣቸው?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ኮምቦልቻ ነው። ልጆቼን ከደሴ ወዲያ ወዳለው ሐይቅ ከተማ ወስጄ ሐይቁ ላይ በጀልባ ዓሣ እናጠምዳለን ብዬ ቃል ከገባሁላቸው ቆየሁ። አሁን አንድ ዓሣ አጥማጅ ጀልባውን ለግማሽ ቀን ሊያከራየንና ራሱም አብሮን ሊወጣ ተስማምተናል። ልጆቹ 11፣ 7 እና 3 ዓመት ተኩል ናቸው። የ7 ዓመቷ ልጄ ገና ወደ ደሴ ሽቅብ መውጣት ስንጀምር ነው የምታስመልሰው፤ ጀልባ ላይማ ምን ልትሆን ነው? የትኛው ክኒን ይሻላታል? እናቴ ደግሞ 66 ዓመቷ ነው፤ የደም ግፊትና የስኳር ሕመም አለባት፤ እኔም ካልሄድኩ ብላለች። ልውሰዳት ወይስ ልተዋት? ልጆቹ ውሃ ውስጥ ቢገቡ ቢልሃርዚያ ይይዛቸዋል የሚባለውስ እውነት ነው?

መልስ፦ ደብዳቤዎን ፈገግ ብዬ ነው ያነበብኩት። የኮምቦልቻን ዳገት እኔም በልጅነቴ የማውቀው ከመስኮቱ ይልቅ በፌስታሉ በኩል ነበር። ልጅዎ ብቻዋን እንዳልሆነች ንገሯት።

ሦስቱንም እመልሳለሁ። ነገር ግን ያልጠየቁኝን ላስቀድም። ስለ ማስመለስ ጽፈዋል፣ ስለ ቢልሃርዚያ ጽፈዋል፤ ስለ መስጠም አንድም ቃል የለም። እንደ ሐኪም በጉዞዎ ውስጥ እንቅልፍ የሚነሳኝ ግን እሱ ነው። የሐይቅ ውሃ እንደምንሻገረው ወንዝ አይደለም፤ ጥልቀቱ ወደ 80 ሜትር የሚጠጋበት ቦታ አለው። የእኛ አገር ልጅ ደግሞ ከዋና ጋር ብዙም አይተዋወቅም፤ ያደገው ተራራ ላይ ነው። ዓሣ አጥማጁ ዋናተኛ ቢሆን እንኳ ጀልባው ቢገለበጥ ሁለት እጅ ብቻ ነው ያለው፤ እናንተ ደግሞ ብዙ ናችሁ።

ስለዚህ ቀብዱን ከመክፈልዎ በፊት ዓሣ አጥማጁን የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ ነው፦ ለእያንዳንዳችን የመንሳፈፊያ ጃኬት አለህ? «አለኝ» ካለ አይመኑ፤ አውጥቶ ያሳይዎት። ማሰሪያው የተበጠሰ፣ መዝጊያው የማይዘጋ፣ ውስጡ ያለው ስፖንጅ ውሃ የሚመጥ ከሆነ ጃኬት አይባልም። የልጅ ጃኬት በክብደት ነው የሚመረጠው። ለ70 ኪሎ ሰው የተሠራው በ14 ኪሎ ሕፃን ላይ ሲታሰር ያማረ ይመስላል፤ ውሃ ውስጥ ሲገባ ግን ጃኬቱ ወደ ላይ፣ ልጁ ወደ ታች ይሄዳሉ። መሞከሪያው ቀላል ነው፦ አስረው ከጨረሱ በኋላ ጃኬቱን ከሁለቱ ትከሻዎች ይዘው ልጁን ወደ ላይ ሳብ ያድርጉት። ጃኬቱ አገጩንና ጆሮውን አልፎ ከወጣ ለእሱ አይሆንም። በእግሮቹ መካከል የሚያልፍ ማሰሪያ ካለው እሱም ይታሰር።

ለትንሹ የሚሆን ካልተገኘ ትንሹ ጀልባ ላይ አይወጣም። ታቅፌው እቀመጣለሁ እንዳይሉ። ጀልባ ሲያጋድል የሰው እጅ ደመ ነፍሱን የሚይዘው ጠርዙን ነው። ይለቀስ፤ የልቅሶ መድኃኒት ከረሜላ ነው።

ጋቢ ተከናንቦ ጀልባ ላይ መቀመጥም ይቅር። ጠዋት ነፋሱ እንደሚበርድ አውቃለሁ፤ ሹራብ ይልበሱ። ጋቢ ውሃ ከጠጣ በኋላ ክብደቱ ሌላ ነው፤ እጅንም እግርንም ያስራል።

የሚሰጥም ሰው እየጮኸ እጁን የሚያወራጭ ይመስለናል። በአብዛኛው ግን ድምፅ የለውም። አፉ ከውሃው እኩል ወጣ ገባ ሲል ያገኛትን አንዲት ቅጽበት ለመተንፈስ ነው የሚጠቀምባት፤ ለመጮህ አይተርፈውም። ሕፃን ከሆነ ደግሞ ነገሩ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ሊያልቅ ይችላል። ልጅ የሚጠፋው ብዙ ጊዜ ሰው በሌለበት ሳይሆን ሰው በበዛበት፣ ሁሉም «ሌላው እያየው ነው» ሲል ነው። ለምሳሌ በመንገዳችሁ ሐይቅ እስጢፋኖስን እንይ ብትሉ፣ ገዳሙ ሴት ስለማይገባበት ወንዶቹ ሲገቡ ሴቶቹ ዳር ይጠብቃሉ። ቤተሰቡ ለሁለት ሲከፈል ትንሹ ማን ጋ እንደቀረ በስም ይነጋገሩ።

ሰው ውሃ ውስጥ ቢወድቅ ዘልለው አይግቡ። የደነገጠ ሰው ያገኘውን ይዞ ይሰጥማል፤ አንድ የነበረው ሟች ሁለት ይሆናል። ከቤት ሲነሱ ክዳኑ በደንብ የሚገጥም ባዶ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይዘው፣ እጀታው ላይ ረጅም ገመድ ይሰሩበት። አንድ ትልቅ ሰው ተንጠልጥሎበት አፍንጫውን ከውሃ በላይ ማቆየት ይችላል። ወርውረው ይጎትቱ። ቅርብ ከሆነ መቅዘፊያውን ወይም የተጠመዘዘ ነጠላ ያቀብሉት።

ወጥቶ የማይተነፍስ ከሆነ ዘቅዝቆ መያዝ፣ ሆድ መጫን፣ «ውሃው ይውጣ» ማለት የለም። ይህ ልማድ አየር የሚያስፈልግበትን ደቂቃ ይበላል፤ ትውከቱም ወደ ሳንባ ይገባል። በጀርባው ያስተኙት፣ አገጩን ቀና ያድርጉ፣ አፍንጫውን ይዘው በአፉ 5 ጊዜ ይተንፍሱለት። የሕይወት ምልክት ካላሳየ የደረቱን መካከል 30 ጊዜ በፍጥነት ይጫኑ፤ ፍጥነቱ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ነው። ከዚያ 2 ትንፋሽ፣ እንደገና 30። እርዳታ እስኪደርስ አያቁሙ። ቢነቃ፣ ቢስቅ፣ ምንም አልሆንኩም ቢል እንኳ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ሄዶ ለሰዓታት ክትትል ይደረግለት። ውሃ የገባበት ሳንባ ዘግይቶ ሊያስቸግር ይችላል።

አሁን ወደ ማስመለሱ። የልጅዎ ሆድ ጤነኛ ነው፤ ጠቡ ያለው በዓይንና በውስጥ ጆሮ መካከል ነው። መኪና ውስጥ ዓይኗ የፊት ወንበሩን ሲያይ «ቆመናል» ይላል፤ የጆሮዋ ሚዛን ጠባቂ ደግሞ ዳገቱንና ጥምዝምዙን እየቆጠረ «እየሄድን ነው» ይላል። ከ2 እስከ 12 ዓመት ያሉ ልጆች ላይ ይህ ይብሳል፤ ብዙዎቹ ሲያድጉ ይተዋቸዋል። ስለዚህ ሩቁን መንገድ ማየት እንድትችል ያስቀምጧት፤ ስልክ አይስጧት፤ መስኮቱ ገርበብ ይበል። በባዶ ሆድም ጠግባም አትነሳ፤ ደረቅ ዳቦ ይበቃታል። ደሴ ላይ ወርዳ ሩብ ሰዓት ትራመድ፤ ከዚያ እስከ ሐይቅ ወደ 30 ኪሎ ሜትር ይቀራል። ሎሚ ማሽተቱን ከወደደችው ታሽት፤ ጉዳት የለውም። ጀልባው ላይ መካከል ላይ ተቀምጣ ዳር ያለውን ተራራ ትይ እንጂ መንጠቆው ላይ አታቀርቅር። የሐይቅ ማዕበል እንደ ባሕር ማዕበል አይደለም፤ ጠዋት ከወጣችሁ ከመኪናው ይልቅ ጀልባው ሊቀልላት ይችላል። ነፋስ ብዙ ጊዜ ከቀትር በኋላ ስለሚነሳ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ገብታችሁ 5 ሰዓት ሳይሞላ መውጣቱ ለሆድም ለሕይወትም ይበጃል።

ክኒኑስ? ፋርማሲ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ፕሮሜታዚን ነው። ይሠራል፤ ግን ያስተኛል። ከ2 ዓመት በታች ላለ ሕፃን ፈጽሞ አይሰጥም። ለእሷ ልስጥ ካሉ ክብደቷን ለባለሙያው ነግረው መጠኑን እሱ ይወስን፤ የሚወሰደውም ጉዞው ከመጀመሩ ከግማሽ እስከ አንድ ሰዓት ቀድሞ ነው። አንዳንድ ልጅ በመተኛት ፋንታ ይቅበጠበጣል፤ ስለዚህ ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሞክረው የጉዞው ዕለት እንዳይሆን። እኔን ከጠየቁኝ ፌስታል ይዞ ክኒኑን መተው ይሻላል። እንቅልፍ የጣላት ልጅ ጀልባ ጠርዝ ላይ እንድትቀመጥ አልፈልግም። ያንኑ ክኒን ለእናትዎም እንዳያካፍሉ፤ በእሳቸው ዕድሜ ግራ መጋባትና መውደቅ ያመጣል።

እናትዎን ይውሰዷቸው። ወላጅን በሕመም ስም ቤት ቆልፎ መሄድ በእኔ ዘንድ ሕክምና አይደለም። ጀልባ ላይ ይውጡ ወይስ ዳር ይቀመጡ የሚለው ግን የጉልበታቸው ጉዳይ ነው፦ ያለ ደጋፊ ከበርጩማ ተነስተው ያለመንገዳገድ መቆም ከቻሉ፣ ግፊታቸውም የተረጋጋ ከሆነ፣ ጃኬት ለብሰው ይውጡ። ካልሆነ ከትንሹ ጋር ዛፍ ጥላ ሥር ሆነው የእናንተን ዓሣ ይጠብቁ።

እናቶቻችን ጀልባ ላይ መጸዳጃ እንደሌለ ሲያውቁ የሚያደርጉትን የምርመራ ክፍሌ ውስጥ ሁሌም እሰማዋለሁ፦ የግፊቱን ክኒን ይተዋሉ፣ ውሃ አይጠጡም፣ ምሳም ይቀራል፤ ለልጅ ግን ትንፍሽ አይሉም። ሽንት የሚያበዛ ክኒን ካላቸው የዚያን ቀን ብቻ ከመልስ በኋላ ይውሰዱት ወይ ብለው የሚከታተላቸውን ሐኪም ይጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ ይቻላል። ሌላው የግፊት መድኃኒት በሰዓቱ ይወሰዳል። የስኳሩ ነገር የበለጠ ያሳስበኛል። ግሊቤንክላማይድ የሚባለውን የስኳር ክኒን ወይም ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ምግብ ከዘለለ ስኳሩ ይወርዳል፦ ያልባቸዋል፣ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ ንግግራቸው ይዘባረቃል። «ፀሐይ መታቸው» ብላችሁ እንዳታስተኟቸው። መዋጥ ከቻሉ 3 ወይም 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጠው ይስጧቸው፤ በ15 ደቂቃ ካልተሻላቸው ይድገሙ፤ ሲነቁ ምግብ ይብሉ። ራሳቸውን ከሳቱ በአፋቸው ምንም አይጨመርም፤ በቀጥታ ወደ ጤና ተቋም ነው።

ስለ ፀሐይ ካነሳን፣ ሐይቅ ወደ 2,000 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፤ አየሩ ስለሚቀዘቅዝ ቃጠሎው አይታወቅም፤ ውሃውም መልሶ ያንጸባርቃል። ሰፊ ባርኔጣና እጅጌ ያለው ልብስ ይበቃል። ጃንጥላ ጀልባ ላይ አይዘርጉ፤ ነፋስ ይጎትተዋል።

መንጠቆ ጣት ውስጥ ቢገባ ወደመጣበት ለመንቀል አይታገሉ። ጫፉ ላይ ወደኋላ የዞረ ጥርስ አለው፤ በጎተቱት ቁጥር ሥጋ ይቀድዳል። ክሩን ቆርጠው፣ እንዳይንቀሳቀስ በጨርቅ ጠቅልለው ወደ ጤና ጣቢያ ይምጡ። ዓይን አካባቢ ከሆነ ምንም አይንኩ፣ አይጫኑም። የመንጋጋ ቆልፍ ክትባትም ይጠየቃል። የእኛ አገር እናቶች በእርግዝና ጊዜ ይወስዱታል፤ አባቶች ግን መቼ እንደተከተቡ ስጠይቃቸው ጣሪያ ጣሪያ ነው የሚያዩት። ሲወረውሩ ከኋላ ሰው መኖሩን ማየት ከዚህ ሁሉ ያድናል።

ወደ ቢልሃርዚያው ስንመጣ፣ አዎ፣ የሰሙት እውነት ነው። በሐይቅ ከተማ ተማሪዎች ላይ በተደረገ ጥናት የአንጀት ቢልሃርዚያ ተገኝቷል። በሽታውን የሚያመጣው ጥገኛ ትል የሚኖረው መሃል ጥልቁ ላይ ሳይሆን ዳር ዳሩን፣ ቄጠማና ሣር ውስጥ፣ ቀስ ብሎ በሚሄድ ጅረት ውስጥ ባሉ ትናንሽ ቀንድ አውጣዎች ነው። ከእነሱ የሚወጣው እጭ በዓይን አይታይም፤ ያልቆሰለ ቆዳን እንኳ በደቂቃዎች ውስጥ ይበሳል። በብዛት የሚወጣው ደግሞ ፀሐይ ሞቅ ሲል፣ ልጆች ውሃው በሚያምራቸው ሰዓት ነው። ስለዚህ ዓሣ ማጥመዱ ራሱ፣ ጥልቁ ላይ ጀልባ ውስጥ ተቀምጦ፣ አደጋው ትንሽ ነው። አደገኛው ከጀልባ ሲወርዱ ቄጠማው ውስጥ መንቦጫረቁ፣ ዓሣውን ዳር ላይ ማጠቡ፣ እግር መንከሩ ነው። ልጆቹን ተሸክመው ያውርዱ፤ እርስዎ ቦቲ ጫማ ያድርጉ። ለማጠቢያ ከቤት በጀሪካን ውሃ ይያዙ። ከረጠቡ ወዲያው በፎጣ ጠንከር አድርጎ ማድረቅ ጥቂት ይረዳል፤ መተማመኛ ግን አይሆንም።

የምታጠምዱት ምናልባት ቆሮሶ ነው። እሱም እንደ እናንተ ለሐይቁ እንግዳ ነው፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1970ዎቹ መጨረሻ ሰው አምጥቶ የለቀቀው ነው። በደንብ ይጠበስ፤ ለሕፃኑ አጥንቱን በእጅዎ እየዳሰሱ ይለዩለት። ጉሮሮ ላይ ቢሰካ በእንጀራ ጉርሻ ለመግፋት አይሞክሩ፤ ይበልጥ ጠልቆ ይገባል። ምራቁን መዋጥ ካቃተው ወይም ሕመሙ ካልለቀቀው ወደ ሐኪም ያምጡት።

ልጆቹ ዳር ላይ ውሃ ከነካቸው በማግስቱ «የቢልሃርዚያ መድኃኒት ስጡን» ብላችሁ አትምጡ። ፕራዚኳንቴል ያደገውን ትል እንጂ አዲስ የገባውን አይገድልም፤ የሰገራ ምርመራውም ያን ጊዜ ምንም አያሳይም። ከ8 ሳምንት በኋላ ይምጡ። በመሃል፣ ከ2 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ፣ ትኩሳት፣ ሳል ወይም የሚያሳክክ ሽፍታ ከታየ ግን ቀኑን አይጠብቁ፤ ለሚያክማችሁ ባለሙያ «ሐይቅ ሄደን ነበር» በሉት፤ ካልነገራችሁት የወባ ምርመራ ብቻ አዝዞ ሊሸኛችሁ ይችላል።