ከማቀዝቀዣ በወጣ የመገጣጠሚያ ፈሳሽ ውስጥ ሃይፖክሎረስ አሲድ መፈለግ

ጥያቄ፦ ለማስተርስ ጥናቴ ሩማቶይድ አርትራይተስ ካለባቸው ሕመምተኞች ጉልበት በተቀዳ ፈሳሽ ውስጥ ኤፒኤፍ በተባለው ፍሎረሰንት ፕሮብ (ከሚፈለገው ኬሚካል ጋር ሲገናኝ በሚያበራ ቀለም) ሃይፖክሎረስ አሲድ (በረኪና ውስጥም ያለውን ኬሚካል) ለመለካት እየሞከርኩ ነው። ማነጻጸሪያዬ ኦስቲዮአርትራይተስ ካለባቸው ሰዎች የተወሰደ ፈሳሽ ነው። ሁሉም በ−20 ዲግሪ ሴልሺየስ ተቀምጧል። ፕሮቡን ዲኤምኤስኦ በተባለ ማሟሚያ አሟሟሁት፤ በፈሩ (ፒኤችን የሚጠብቀው ፈሳሽ) ትሪስ ነው። ሁለቱም ወገን እኩል ያበራል። በበረኪና የሠራሁት የመለኪያ መስመርም ጠፍጣፋ ነው። ፕሮቡ ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ ፕሮቡን አይጣሉት። የሚፈልጉት ነገር ናሙናው ውስጥ የለም።

ሃይፖክሎረስ አሲድን ኒውትሮፊሎች የተባሉት ነጭ የደም ሴሎች ማይሎፐርኦክሲዴዝ በተባለ ኢንዛይም ከሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድና ከክሎራይድ ይሠሩታል። እንደተሠራም በዙሪያው ካለው አልቡሚንና ታውሪን ጋር ተዋህዶ ያልቃል። ስለዚህ ማቀዝቀዣ ሊያቆየው አይችልም። አሁን የሚያነቡት ብርሃን በአብዛኛው የፈሳሹ የራሱና በብርሃን የተነካ ፕሮብ ነው።

ቅዝቃዜን የሚቋቋመው ኢንዛይሙ ነው፤ ጥናቱን ወደ እሱ ያዙሩት። የማይሎፐርኦክሲዴዝ ፀረ እንግዳ አካል በተለጠፈበት ሳህን ላይ ፈሳሹን ጨምረው ኢንዛይሙ እንዲያዝ ያድርጉና በደንብ ይጠቡት። እጥበቱ አልቡሚኑን፣ ቢጫ ቀለሙን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በመርፌው ምክንያት የገባውን ደም ይወስዳል፤ ሄሞግሎቢን ራሱ እንደ ፐርኦክሲዴዝ ስለሚሠራ ውጤት ያሳስታል። ከዚያ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድና ፕሮቡን ይጨምሩ። ጎን ለጎን የኢንዛይሙ ማገጃ የሆነው 4-አሚኖቤንዞይክ አሲድ ሃይድራዛይድ ያለበት የሳህኑ ጉድጓድ ይኑርዎት። የሚያምኑት ቁጥር ማገጃ ባለበትና በሌለበት ጉድጓድ መካከል ያለው ልዩነት ብቻ ነው። ናሙናው ሶዲየም አዛይድ ተጨምሮበት ከሆነ ግን ኢንዛይሙ ስለሚታገድ ለዚህ ሥራ አይሆንም።

አሲዱን ራሱን ማየት ግድ ከሆነ፣ ገና የተቀዳ ፈሳሽ ተቀብለው ኒውትሮፊሎቹን በዚያው ቀን መለየትና ማነቃቃት ይኖርብዎታል። እዚያ ላይ ኤችፒኤፍ የተባለውን የኤፒኤፍ እህት ፕሮብ አብረው ይሞክሩ። ሁለቱም ለሃይድሮክሲል ራዲካልና ለፐርኦክሲናይትራይት ያበራሉ፤ ለሃይፖክሎረስ አሲድ የሚያበራው ግን ኤፒኤፍ ብቻ ነው። ሁለቱ እኩል ከጨመሩ አሲዱን አገኘሁ ብለው አይጻፉ።

ወደ ጠፍጣፋው መስመር ልመለስ። ትሪስ አሚን ስለሆነ አሲዱን ወደ ክሎራሚን ይለውጠዋል፤ ዲኤምኤስኦም አሲዱን ይበላል። ፕሮቡን ዲኤምኤፍ በተባለው ማሟሚያ ያሟሙ፤ በፈሩም ፒኤች 7.4 የሆነ ፎስፌት ይሁን። በበረኪናው ጠርሙስ ላይ ያለውን ቁጥር አይመኑ፣ ፀሐይና ጊዜ ያደክሙታል። በ0.01 ሞላር ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ 500 እጥፍ አቅጥነው ብርሃን መምጠጡን በ292 ናኖሜትር ያንብቡ፤ የሞላር መምጠጫ መጠኑ 350 ነው። በረኪናው በእርግጥ 5 በመቶ ከሆነ በ1 ሴንቲሜትር ኩቬት (የማንበቢያ ዕቃ) ወደ 0.47 ገደማ ያገኛሉ። ወደ ፎስፌት የሚያቀጥኑት ሊጠቀሙበት ሲሉ ብቻ ነው። ጠብታው ሲገባም ጉድጓዱ እየተናወጠ ይሁን፤ አለዚያ አሲዱ ባረፈበት ቦታ ያለውን ፕሮብ ብቻ አጥቅቶ ያልቃል። ከፕሮቡ በብዙ እጥፍ ከበለጠ ደግሞ ቀለሙን ራሱን ያጠፋዋል። ብዙ ሰው መስመሩ ሲወርድ ፕሮቡ ደከመ የሚለው ለዚህ ነው።

ብዙዎች የማያስተውሉት አንድ ነገር አለ። የኦስቲዮአርትራይተስ ፈሳሽ እንደ እንቁላል ነጭ ይጎተታል፤ የሩማቶይዱ ግን ፈሳሹን የሚያወፍረው ሃያሉሮናን ስለተሰባበረ ቀጭን ነው። ፒፔቱ ከወፍራሙ ያነሰ ያነሣል። ያ ስሕተት በሁለቱ ወገኖች መካከል ያለ የበሽታ ልዩነት መስሎ ይወጣል። ሁለቱንም ሃያሉሮናንን በሚሰባብረው ኢንዛይም፣ በሃያሉሮኒዴዝ፣ በእኩል መጠን ያቅጥኑ።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ፈሳሹ ከመቀዝቀዙ በፊት ሴሎቹ በሴንትሪፉጅ ተለይተው እንደነበር የሰበሰበውን ክፍል ይጠይቁ። ካልተለዩ ኒውትሮፊሎቹ በቅዝቃዜው ፈንድተው ኢንዛይማቸውን ፈሳሹ ውስጥ አፍስሰዋል፤ እነዚያን ናሙናዎች ከተለዩት ጋር አይቀላቅሉ። ከሕመምተኛ ጉልበት በመርፌ የተቀዳ ነገር ነውና ይህ ሳይጣራ አንድ ጠብታ እንኳ አያቅልጡ።