«ለእናቱ ስል እጮኛው ልምሰልለት?»

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን አሉ? የምኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ አብሮኝ ያደገ ጓደኛ አለኝ፤ ከወንድም አላሳንሰውም። ከሦስት ዓመት በፊት ለሴት ምንም ስሜት እንደሌለው፣ ስሜቱ ወደ ወንድ እንደሆነ እያለቀሰ ነገረኝ። ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም። እናቱ «ሳልሞት ልዳርህ» እያሉ መቆሚያ መቀመጫ ሲያሳጡት፣ ባለፈው ፋሲካ እጮኛው መስዬ ቤታቸው ሄድኩ። ቀለበትም ገዛልኝ። አሁን ሽማግሌ ሊልኩ ነው። በተክሊል እንድንጋባ ይፈልጋሉ። እሱ «ለስሙ ተጋብተን እንደ እኅትና ወንድም እንኖራለን» ይለኛል። እኔ እያወቅኩ ነው የምገባው፤ አልተታለልኩም። ቅዱስ ድሜጥሮስስ ከልዕልተ ወይን ጋር በድንግልና ኖሮ የለ? ልጅ ግን በጣም እወዳለሁ። እስቲ ይንገሩኝ፣ ማንን በደልኩ?

መልስ፦ እኅቴ፣ ጥያቄሽ ከደብተር በተቀደደ ወረቀት ላይ ተጽፎ፣ አራት ቦታ ታጥፎ ነው ከጥያቄ ሣጥናችን የወጣው። ጉባኤ ላይ አላነበብኩትም። ኮንዶሚኒየም ታውቂዋለሽ፤ አንዱ ብሎክ ላይ ያስነጠሰ ሰው ሌላው ብሎክ ላይ «ይማርህ» ይባላል። ስለዚህ አንዳንዱን ነገር ቀይሬ ነው እዚህ የጻፍኩት።

ቤተ ክርስቲያን ስለ ተመሳሳይ ጾታ ግንኙነት የምታስተምረውን ታውቂዋለሽ። ጋብቻ የአንድ ወንድና የአንዲት ሴት ነው ትላለች፤ ከዚያ ውጭ ያለውን ኃጢአት ትለዋለች። አንቺም ይህን አልጠየቅሽኝም። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። መፈተንና መውደቅ አንድ አይደሉም። ጓደኛሽ የነገረሽ የሚሰማውን ነው። የሚሰማውን በመናገሩ ከሰው ተራ አይወጣም፤ ከቤተ ክርስቲያን ደጅም አይባረርም።

ወደ ድሜጥሮስ እንምጣ። ጥሩ ምሳሌ ነው ያመጣሽው፤ እውነቱን ልንገርሽ፣ ትንሽ አሳስቦኛል። የባሕረ ሐሳቡ (የበዓላትና የአጽዋማት ማውጫ ቀመር) ደራሲ ድሜጥሮስና ልዕልተ ወይን የተጋቡት በወላጆቻቸው ግፊት ነው። ሕዝቡም እንደ ማንኛውም ባልና ሚስት ያያቸው ነበር። እስከዚህ ድረስ ታሪኩ ወዳንቺ ያደላል።

ከዚያ በኋላ ግን ይለያያል። ሁለቱም የተዉት አንድ ነገር ነው፤ የተዉትም ለእግዚአብሔር ብለው ነው። አንዱ ለሌላው መሸፈኛ አልሆነም። ድሜጥሮስ የእስክንድርያ ሊቀ ጳጳስ ሆኖ ሕዝቡ «ሚስት ያለው ሰው እንዴት በማርቆስ ወንበር ይቀመጣል?» ብሎ ሲያጉረመርም፣ መልአኩ ምስጢሩን እንዲገልጥ አዘዘው። በጉባኤ መካከል የእሳት ፍም በልብሱ ያዘ፤ በእሷም ልብስ ላይ አደረገው፤ አልተቃጠሉም። መጋቢት 12 የምናስበው ይህንን ነው። የእነሱ ምስጢር የተገለጠ ቀን ሰው ተጽናናበት። የእናንተ የተገለጠ ቀን ምን እንደሚሆን አንቺው አስቢው።

አንቺን ይበልጥ የሚመስልሽ ሌላ ታሪክ ነው። አብርሃም ግብፅ ሲገባ ፈራ። ሣራን «እኅቴ ነሽ በዪ» አላት። እሱ ሚስቱን እኅት አደረገ፤ ጓደኛሽ ደግሞ እኅቱን ሚስት ሊያደርግ ነው። ፍርሃቱ የአብርሃም ነበር። ፈርዖን ቤት የተወሰደችው ግን ሣራ ናት።

«ማንን በደልኩ?» ላልሽው መልሱ እዚሁ ነው። መጀመሪያ ራስሽን።

ነገሩን ከሠርጉ ማግስት ጀምረሽ አስቢው። ሽማግሌዎቹ «ውለዱ፣ ክበዱ» ብለው መርቀዋችኋል። የመጀመሪያው ዓመት በሰላም ያልፋል። በሁለተኛው ዓመት አማትሽ ሆድ ሆድሽን ማየት ይጀምራሉ። በሦስተኛው እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ጠበል ይዘውሽ ይወጣሉ። ታኅሣሥ 19 ደግሞ ቁልቢ ገብርኤል ድረስ ሄደው ስለ አንቺ ማኅፀን ይሳላሉ። በእኛ አገር ልጅ ሲጠፋ «መካን ናት» እንጂ «መካን ነው» ሲባል ስንቴ ሰምተሻል? እሱን ማንም አይጠይቀውም። አንቺ ደግሞ «ልጅ በጣም እወዳለሁ» ብለሽ ጽፈሻል። ይህች አረፍተ ነገር ወረቀትሽ ላይ ከሌሎቹ በታች፣ በደቃቁ ነው የተጻፈችው። እኔ ግን ከሁሉም በፊት ያየሁት እሷን ነው።

ሁለተኛው ተክሊሉ ነው። እዚህ ላይ አላለሳልስልሽም። ተክሊል ምስጢር ነው፤ በቁርባን ነው የሚፈጸመው። ካህኑ ቃል ያስገባችኋል። ዘይት ይቀባችኋል፤ አክሊል ይጭንላችኋል፤ ከዚያ ሥጋውንና ደሙን ትቀበላላችሁ። ባልና ሚስት ላለመሆን ተማምላችሁ «ባልና ሚስት እንሆናለን» ብላችሁ ልትቆርቡ? ፍትሐ ነገሥት በአንቀጽ 24 ያለ ሁለቱ ፈቃድ ጋብቻ እንደማይጸና ያዝዛል። እናንተ የፈቀዳችሁት ደግሞ ጋብቻውን አይደለም፤ መደበቂያውን ነው። እናቱን ዋሽተሽ እናቱን ይቅርታ ትጠይቂያለሽ። ይሄኛው ግን ከእናቱ ጋር የምትጨርሺው ነገር አይደለም።

«እንግዲያው በሰማንያ እንፈራረም» እንዳትዪኝ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ ከተመሳሳይ ጾታ ጋር ግንኙነት የመፈጸም ልማድ ያለውን ሰው ሳያውቅ ያገባ ሰው ጋብቻው በስሕተት ነው ብሎ እንዲፈርስለት መጠየቅ ይችላል ይላል። ጓደኛሽ ልማድ አለው ማለቴ አይደለም። ሕጉ በር የከፈተው ላላወቀ ሰው መሆኑን ልብ በዪልኝ ብዬ ነው። አንቺ አውቀሽ ገብተሽ ነገ «ተሳስቼ ነው» ማለት አትችዪም።

አሁን ስለ እሱ። ፍርሃቱን አላቃልልም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ድርጊቱን ይቀጣል። ከሕጉም በፊት የሰፈር ሰው አለ። የቤት አከራይ አለ፤ ወንድም አለ። ይህን ሁሉ ፈርቶ ነው ያንቺን ቀሚስ የያዘው። ሽማግሌዎቻችን ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር ሲሰሙ «ዳሩት፣ ያኔ ይተወዋል» ይላሉ። እኔ ይህን ምክር ለማንም አልሰጥም። ሚስት መድኃኒት አይደለችም። ጸሎቱም፣ ጾሙም፣ ጠበሉም የሁላችን ነው። የሰው ልጅን ግን ለሙከራ አንሰጥም።

ደግሞስ ሁሉም ሰው ማግባት አለበት ያለው ማነው? ጳውሎስ ላላገቡት «እንደ እኔ ቢኖሩ ለእነርሱ መልካም ነው» ብሏል። እኛ ግን ሠላሳ ያለፈው ወንድ ባየን ቁጥር «መቼ ነው ጠላው?» እንላለን። እኔም ብዬ አውቃለሁ። ይህን ካነበብኩ ወዲህ አፌን ይዣለሁ።

እንግዲህ የምታደርጊው ይህን ነው። ሽማግሌ ከመላኩ በፊት፣ በዚህ ሳምንት፣ ለእሱ ንገሪው። በስልክ አይሁን። «አልተውህም፤ ሚስትህ ግን አልሆንም» በዪው። ይቆጣል፤ ምናልባትም ያኮርፋል። ታገሺው። ለእናቱ «ጓደኛሞች ነን፣ አንጋባም፤ ፋሲካ ላይ በማስመሰሌ ይቅርታ» ማለት ይበቃል። «ለምን?» ብለው ቢያፋጥጡሽም ከዚህ አትለፊ። እውነት መናገር ማለት የሰው ምስጢር መዘክዘክ አይደለም። ያ የእሱ ነው። አንቺም ማስመሰሉን ለንስሐ አባትሽ ተናገሪ፤ የእሱን ስም ማንሳት አያስፈልግሽም።

እሱም ንስሐ አባት ከሌለው ይያዝ። ካህን በንስሐ የሰማውን ለማንም ማውጣት አይፈቀድለትም፤ ለእናትም ቢሆን። መጀመሪያ ከእኔ ጋር ማውራት ከፈለገ፣ ቅዳሜ ከሠርክ ጉባኤ በኋላ ከዋርካው ሥር እቆያለሁ። ስሙን አልጠይቀውም። «የወረቀቷ ጓደኛ ነኝ» ይበለኝ።

ቀለበቱን ደግሞ ለእናቱ እንዳትመልሺ። ለእሱ በእጁ ስጪው።