«በአንድ ጨዋታ ነው የተበላሁት»

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ታናሽ ወንድሜ 19 ዓመቱ ሲሆን የኮሌጅ ተማሪ ነው። ልብሱን ሳጥብ ከሱሪው ኪስ በተደጋጋሚ የስፖርት ውርርድ ትኬት አገኛለሁ። ሲጀምር በ20 ብር ነበር የሚጫወተው፤ ባለፈው ወር ግን ለትምህርት ክፍያ የሰጠሁትን በሙሉ ጨርሶ ከጓደኞቹም ተበድሯል። ስቆጣው «በአንድ ጨዋታ ነው የተበላሁት፣ በሚቀጥለው ሳምንት አስመልሰዋለሁ» ይለኛል። ይህ የጠባይ ብልሽት ነው ወይስ በሽታ? ምንስ ላድርግ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ከደብዳቤዎ ውስጥ ከጠፋው ገንዘብ ይልቅ ያሳሰበኝ «በአንድ ጨዋታ ነው የተበላሁት» የሚለው የወንድምዎ አነጋገር ነው፤ ምክንያቱም ወጣቱን ወደ ቤቲንግ ቤቱ ደጋግሞ የሚመልሰው በአብዛኛው ይኸው ለጥቂት የማምለጥ ስሜት ነው።

ወንድምዎ ስምንት ጨዋታ ያለበት፣ ስምንቱም ግምቶች ካልተገኙ የማያስበላ ትኬት ቆረጠ እንበል፤ ችሎታውንም ከፍ አድርገን እያንዳንዱን ግምት ከ100 ጊዜ 70 ጊዜ ያገኛል ብለን እናስብ። ስምንቱንም የማግኘት ዕድሉ ከ100 ወደ 6 ብቻ ሲሆን፣ ሰባቱን አግኝቶ በአንዱ የመበላት ዕድሉ ግን ወደ 20 ይጠጋል። ይህም ማለት አንድ ጊዜ እስኪያሸንፍ ድረስ ሦስት ጊዜ ያህል «ለጥቂት» ይበላል ማለት ነው፤ ወንድምዎ ለድል እንደተቃረበ ምልክት የሚያየው ነገር ከትኬቱ ስሌት የሚጠበቅ ውጤት ነው። ይህን ሒሳብ ከእሱ ጋር ተቀምጠው በወረቀት ላይ ቢሠሩት ከብዙ ተግሣጽ ይሻላል ብዬ አምናለሁ።

አንጎላችን ግን ሒሳብ አይሠራም። ለጥቂት መበላት በድል ጊዜ የሚነቃቁትን የአንጎል ክፍሎች እንደሚያነቃቃ በምርምር ታይቷል፤ ስሜትን የሚገታውና መዘዝን የሚያመዛዝነው የፊተኛው የአንጎል ክፍል ደግሞ እስከ 20ዎቹ ዕድሜ አጋማሽ ድረስ ገና እየበሰለ ነው። (በነገራችን ላይ፣ ለፓርኪንሰን ሕመም የሚሰጡና ዶፓሚን የተባለውን፣ ሽልማት ስንጠብቅ የሚያነሣሣንን የአንጎል ኬሚካል ሥራ የሚተኩ አንዳንድ መድኃኒቶች ቁማር ነክተው የማያውቁ አዛውንቶችን ቁማርተኛ ሊያደርጉ መቻላቸው ነገሩ የጠባይ ጉዳይ ብቻ አለመሆኑን ያሳያል።) የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበርም እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው መመሪያ የቁማርን ችግር ከአልኮልና ከሌሎች ሱሶች ጋር መድቦታል።

በዚያ መመሪያ መሠረት ሕመሙ አለ የሚባለው ከዘጠኝ ምልክቶች አራቱ ወይም ከዚያ በላይ በ12 ወር ውስጥ ሲታዩ ነው። ከጻፉልኝ ውስጥ የገንዘቡን መጠን እየጨመሩ መሄድ፣ የተበላውን ለማስመለስ እንደገና መጫወትና ትምህርትን አደጋ ላይ መጣል ይነበባሉ። ስለ ጨዋታው ይዋሻል ወይ? ለማቆም ሞክሮ አቅቶት ያውቃል ወይ? በደብዳቤ ምርመራ ስለማይደረግ እነዚህን ፊት ለፊት የሚጠይቅ ባለሙያ ሊያየው ይገባል።

እስከዚያው ድረስ ዕዳውን በአንድ ጊዜ ከፍለው አይገላግሉት። ዕዳው ሳይታሰብ ሲወርድለት ለሚቀጥለው ትኬት መንገድ ይከፈታልና፣ ከማን ምን ያህል እንደተበደረ አብራችሁ ጽፋችሁ ቀስ በቀስ እንዲከፍል ተስማሙ። የትምህርት ክፍያውን በእጁ ሳይሆን በቀጥታ ለኮሌጁ ይክፈሉ። የውርርድ መተግበሪያዎቹን ከስልኩ እንዲያጠፋና አካውንቱን እንዲዘጋ፣ በቴሌብርም የሚይዘው የዕለት ወጪውን ብቻ እንዲሆን ይጠይቁት፤ ይህ ግን በፈቃዱ ካልሆነ የጓደኛ ስልክ ስለማይጠፋ ብዙም አይጠቅምም። ንግግሩን የፕሪሚየር ሊግ ጨዋታዎች በሚበዙበት ቅዳሜ፣ ተበልቶ ሲገባ አይጀምሩት፤ ማክሰኞ ወይም ረቡዕ፣ ሰው በሌለበት ቢሆን ይመረጣል። ድብደባና በዘመድ ፊት ማዋረድ መደበቅን ብቻ ያስተምራል።

ሕክምናው በዋናነት የተሳሳተ ግምትንና ልማድን የሚያርም የምክክር ሕክምና ነው። ለቁማር ብቻ ተብሎ የተፈቀደ መድኃኒት የለም፤ ድባቴ ወይም የመጠጥ ሱስ ካለበት ግን ያም አብሮ ይታከማል። አዲስ አበባ ከሆናችሁ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል፣ ከዚያ ውጭ ከሆናችሁ በአቅራቢያችሁ ባለ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ይሂዱ። ዕዳ የከበደው ወጣት ራሱን ለመጉዳት ሊያስብ ስለሚችል «መኖር ሰለቸኝ» ዓይነት ቃል ከሰሙ፣ ብቻውን ሳይተዉት በዚያው ቀን ወደ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዱት።

ሕክምና ከጀመረ በኋላ አንድ ቅዳሜ ትኬት ቆርጦ ቢያገኙት ሁሉ ነገር ከንቱ ሆነ ብለው ቀጠሮውን አያስቀሩ፤ ትኬቱን ይዞ ይምጣ፣ ከየት ተነሥቶ ወደዚያ እንደገባ ከሐኪሙ ጋር አብረው ያዩታል።