የደበዘዘ የፊት መብራት፦ የአንባቢያን ጥያቄዎችና የባለሙያ መልሶች

ጥያቄ፦ የመኪናዬ የፊት መብራት ሽፋን ቢጫ ሆኖ ደብዝዟል። በጥርስ ሳሙና ሳሸው ጠርቶ ነበር፤ ሁለት ወር ሳይሞላው ግን ተመልሶ ቢጫ ሆነ። ምን ላድርግ? (ከአዳማ)

መልስ፦ ሽፋኑ ፖሊካርቦኔት የሚባል ፕላስቲክ ነው። ይህ ፕላስቲክ ጠንካራ ቢሆንም ፀሐይ አይችልም። ለዚህም ነው ከፋብሪካ ሲወጣ አልትራቫዮሌት ጨረርን የሚከላከል ስስ ቫርኒሽ የሚቀባው። መጀመሪያ የሚበላሸውና የሚላጠው ያ ቫርኒሽ ነው። የጥርስ ሳሙና የላዩን ያነሳል እንጂ አዲስ መከላከያ አይተካም፤ ፕላስቲኩ ያለ ልብስ ፀሐይ ላይ ይቀራል። ስለዚህ ዋናው ሥራ ማሸቱ ሳይሆን መልሶ መቀባቱ ነው።

መብራቱን በሳሙና አጥበው በዙሪያው ያለውን ቀለም በሁለት ድርብ ወረቀት ፕላስተር ይሸፍኑ። በ800 ቁጥር የውኃ ብርጭቆ ወረቀት ይጀምሩ፤ ጉዳቱ ቀላል ከሆነ 1000 ይበቃል። ጥቂት ሳሙና ያለበት ውኃ ሳያቋርጡ ያፍስሱ፤ ከደረቀ ጥልቅ ጭረት ያወጣል። የሚወርደውን ውኃ ይመልከቱ፦ በመጀመሪያ ቢጫማ ነው፣ አሮጌው ቫርኒሽ ሲያልቅ ነጭ ይሆናል። ሽፋኑ በሙሉ አንድ ዓይነት ጉም መስሎ እስኪታይ አይቁሙ። እዚህም እዚያም የደሴት ዓይነት ጠርዝ ከታየ አሮጌው ቫርኒሽ አላለቀም፤ በላዩ ቢቀቡ እዚያው ይላጣል። ከዚያ በ1000 ቀጥሎም በ1500 ይሹ፤ ቁጥር በቀየሩ ቁጥር የእጅዎን አቅጣጫ ያቋርጡ፣ የቀረ ጭረት የሚታየው እንደዚያ ነው።

ክሊር (ቀለም የሌለው ግልጽ ቫርኒሽ) የሚቀቡ ከሆነ 1500 ላይ ያቁሙ። ቀሪውን ጭረት ክሊሩ ይሞላዋል፤ ፖሊሽ ግን ቅባት ትቶ ክሊሩ በደንብ እንዳይይዝ ያደርጋል። በአልኮል ጠርገው ያድርቁ። በቲነር ወይም በአሴቶን ፈጽሞ አይጥረጉ፤ ፖሊካርቦኔት በእነሱ ይሰነጣጠቃል። ከሃርድነር (ማጠንከሪያ) ጋር የሚቀላቀልና አልትራቫዮሌት መከላከያ እንዳለው የተጻፈበት ክሊር ይምረጡ። የመጀመሪያውን እጅ እጅግ ስስ አድርገው ይርጩ፣ 10 ደቂቃ ያህል ጠብቀው ሁለት ሙሉ እጅ ይጨምሩ። አቧራ በሌለበት ቦታ 24 ሰዓት ይደር። የዚህ ክሊር ብናኝ ሳንባን ይጎዳል፦ የጨርቅ ማስክ አያድንም፣ ለቀለም የተሠራ ማጣሪያ ያለው ጭንብል ግድ ነው። ያ ከሌለዎት መርጨቱን ለቀለም ቤት ይስጡ።

ሽፋኑ ውስጥ እንደ ሸረሪት ድር የገባ ስንጥቅ ካለ አይድከሙ፤ መቀየር ነው።

ጥያቄ፦ ዝናብ በዘነበ ቁጥር መብራቱ ውስጥ ውኃ ይገባል። ዙሪያውን በሲልከን ልዝጋው? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ መብራቱን አብርተው ጥቂት ሲነዱ የሚጠፋ ስስ ጉም ጉዳት የለውም። ታች የተጠራቀመ ውኃ ግን ከየት እንደገባ መፈለግ አለበት። መጀመሪያ ከኋላ ይጀምሩ፦ አምፑል ሲቀየር የጎማ ክዳኑ ሳይመለስ መቅረቱ የተለመደ ምክንያት ነው። ከዚያ መተንፈሻ ቱቦዎቹን ያጽዱ። እነዚህን በሲልከን መድፈን ጥፋት ነው፤ የገባው እርጥበት መውጫ ያጣል። ሆምጣጤ የሚሸተው ሲልከን ደግሞ በእንፋሎቱ አንጸባራቂውን ያበላሸዋል። የውስጡን አንጸባራቂ በጨርቅ አይንኩት፤ የአሉሚኒየሙ ሽፋን በጣም ስስ ስለሆነ አብሮ ይነሳል።

ጥያቄ፦ ሽፋኑ ጠርቷል፣ ብርሃኑ ግን አሁንም ደካማ ነው። 100 ዋት አምፑል ልግጠም? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ አይግጠሙ። ኤች4 የሚባለው የሃሎጅን አምፑል ለረጅሙ መብራት 60፣ ለአጭሩ 55 ዋት ነው፤ ሶኬቱና ገመዱ የተሠሩት ለዚያ ነው፣ 100 ዋት ሶኬቱን ያቀልጠዋል። ሞተሩ እየሠራ፣ መብራቱ በርቶ፣ ቮልቱን ባትሪው ላይና አምፑሉ ሶኬት ላይ ይለኩ። ልዩነቱ ከግማሽ ቮልት ከበለጠ የዛገ ማሳ (ገመዱ ከመኪናው ብረት አካል ጋር የሚገናኝበት ቦታ) ወይም የተቃጠለ ሶኬት አለ። ቮልት በ10 በመቶ ሲወርድ የሃሎጅን ብርሃን በ30 በመቶ ገደማ ይወርዳልና ማሳውን ማጽዳት ብቻውን ብዙ ጊዜ ይበቃል። መኪናው በመንገድ ግራ ለሚነዳባት ለጃፓን ገበያ የተሠራ ከሆነ ደግሞ የአጭሩ መብራት ጠርዝ ወደ ግራ ከፍ ይላል፦ ግድግዳ ላይ አብርተው ይዩት። እንዲህ ከሆነ የሚመጣውን ሾፌር ዓይን ያሳውራል፣ የራስዎን የመንገድ ዳር ግን ያጨልማል፤ መፍትሔው በመንገድ ቀኝ ለሚነዳበት አገር የተሠራ ሙሉ መብራት ማስገባት ነው።