ከድሬ ሆነሽ ሱፍና ፈረስ ለልጆች ለጠየቅሽው

እህቴ፣ «ልጆቼ ሱፍ ሲፈተል እንዲያዩና ፈረስ እንዲጋልቡ እሁድ እሁድ የት ልውሰዳቸው? ያለነው ድሬ ነው» ብለሻል። እኔም ልጆቼን ይዤ ይህንኑ ስፈልግ ስለኖርኩ ያየሁትን ልንገርሽ።

ሱፉን እዚህ አካባቢ በጎች ላይ አትፈልጊው። ለበዓል የምንገዛውን በግ ታውቂዋለሽ፤ ራሱ ጥቁር፣ ገላው ነጭ፣ ዳሌው ስብ የተሸከመ። ጸጉሩ እንደ ፍየል አጭር ነው፣ አይፈተልም። በቆላ ሙቀት ሱፍ ለብሶ መኖር ስለሚከብድ ነው፤ የድርቅ ወራት ስንቁን ደግሞ ዳሌው ላይ ያጠራቅማል። ሱፍ ያለው የሰሜን ሸዋው ደጋ የመንዝ በግ ነው፤ ባና የሚባለው የሱፍ ብርድ ልብስና በርኖስ የሚባለው ካባ የሚሠሩት ከእሱ ነው።

ስለዚህ ከሸዋ የሚመጣ ዘመድ ካለሽ ያልታጠበ ሱፍ በፌስታል አስመጪ። ልጆቹ መጀመሪያ ሽታውን ይጠየፉታል፣ እጃቸውም ቅባት በቅባት ይሆናል፤ ይሁን፣ ትምህርቱ እሱ ነው። ለብ ባለ ውሃ ሳታሺው እጠቢው፣ ሲደርቅ በጣት ያፍታቱት፣ ከዚያ እንዝርት ስጫቸው። ለጀማሪ ከጥጥ ይልቅ ሱፍ ይቀላል፤ ጸጉሩ ረዘም ያለና የተጠማዘዘ ስለሆነ እርስ በርሱ ይያያዛል፣ ቶሎ አይበጠስም። የትንሿ ልጄ ክር አንድ ቦታ እንደ ጣት የወፈረ፣ ሌላ ቦታ የሳሳ ነበር፤ እሱኑ እጇ ላይ አስራ ትምህርት ቤት ሄደች! መፍተል ላልቻለው ደግሞ በሙቅ ውሃና በሳሙና መዳፉ ላይ ድቡልቡል እያደረገ ይሸው፤ ተጣብቆ ጠንካራ ኳስ ይወጣዋል። ጥጥ እንዲህ አይሆንም።

የእጅ ሥራ ማየት ብቻ ከሆነ ግን አቦ፣ ሐረር ጀጎል፣ በግንብ ወደታጠረው አሮጌው ከተማ ሂጂ። የሐረሪ እናቶች ስፌት ሲሰፉ ማየት ልጅን ያፈዛል። ፎቶ ከማንሳትሽ በፊት አስፈቅጂ፣ ትንሽ ነገርም ግዢ፤ ያኔ ወስፌውን ራሳቸው ለልጆቹ ያቀብሏቸዋል።

ወደ ፈረሱ ስመጣ፣ ልጆቼን ከተማ ውስጥ የጋሪ ፈረስ ላይ አላስቀምጥም። ሲጎትት የዋለ የደከመ እንስሳ ነው፣ ባጃጁም ያስደነብረዋል። ገጠር ዘመድ ዘንድ፣ ባለቤቱ ልጓሙን ይዞ እየመራው ይሻላል። ልጆቹ ከኋላው እንዳይቀርቡ፤ ፈረስ ቀጥታ ከኋላው ያለውን አያይም፣ በደነገጠ ጊዜ ይራገጣል። እርካብ ውስጥ የሚገባው የእግር ጫፍ ብቻ ነው፤ ከገፋ፣ ልጁ ቢወድቅ እግሩ ተይዞ ይጎተታል። ሐረር አካባቢ ባለው ቁንዱዶ ተራራ አናት ላይ ባለቤት የሌላቸው የዱር ፈረሶች እንዳሉም ንገሪያቸው፤ የኔዎቹ ካልወጣን ብለው አስቸግረውኛል። ዳገቱ ግን የትንሽ ልጅ አይደለም።

ፈረሱ ካልተገኘ የባቢሌ የግመል ገበያ ይክሳል። ሰኞና ሐሙስ ስለሆነ ትምህርት ሲዘጋ ነው የሚመቸው፤ በጠዋት ድረሱ፣ ኮፍያና ውሃም ያዙ።